ሰነቴ ላይ የወጣው እጅ

ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚሄደው ቅጥቅጥ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ ከድር ነበሩ። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር እየተመረጡ በክልሉ ምክር ቤት የኖሩ፣ ከሰነቴ ተራራ ማዶ ያለችው የሪራ መንደር ሰው ናቸው። ያን ቀን ከስብሰባ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። ሰነቴ አናት ላይ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ አቆመና ወደ እኛ ዞሮ፣ "ብቻዬን አልወስንም፤ ወደ ጎባ እንመለስ የምትሉ እጅ አውጡ" አለ። ሁላችንም አወጣን። ከሁሉ የቀደመው ግን የሐጂ እጅ ነበር፤ እንቅልፋቸው እንኳን በቅጡ አልለቀቃቸውም።

ረዳቱ ለቀልድ "የሚቃወምስ?" ሲል ሐጂ ነቃ ብለው በመስኮቱ አዩና እጃቸውን እንደገና አወጡ። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

"ሐጂ፣ አሁን እንመለስ ብለው አልነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"እሱ ልማድ ነው ልጄ። ቤቴ እኮ እዚሁ ቁልቁል ነው፤ ወዴት ነው የምመለሰው?"

ሾፌሩ እየሳቀ ሞተሩን አጠፋ። "እንግዲያው ጭጋጉ እስኪገለጥ እንጠብቃለን" አለ። የሐጂ እጅ ግን አሁንም እንደተሰቀለ ነው።

"ተሰምተዋል እኮ ሐጂ፣ ያውርዱት" አልኳቸው።

እጃቸውን ቀና ብለው አዩት። "ትንሽ ቆይ" አሉኝ፤ "ወላሂ፣ ለብቻው ወጥቶ አያውቅም።"