ሠርቷል በሏቸው

ከሳጉሬ ወደ አሰላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ያሉት አዛውንት ላፕቶፕ በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል።

«አባባ፣ ልያዝልዎት?» አላቸው አጠገባቸው ያለው ወጣት።

«ተወው። የልጄ ነው። ረመዳን ላይ አረፈ።»

«አላህ ይርሐመው። ሊሸጡት ነው?»

«የሚያውቅበት ሰው ፍለጋ ነው። ውጭ አገር ካሉ ሰዎች ጋር፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት የሚገለገልበትን ሰርቨር የሚሉትን ፕሮግራም ይሠራ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ።»

«እኔም የተማርኩት እሱኑ ነው። እዚህ ላይ ጭኖታል?»

«መጫኑ ነው እምቢ ያለው። ‹ሰው የሚገለገልበትን ትልቁን ከመንካቴ በፊት እዚሁ ልሞክረው፤ ቢበላሽ የራሴ ይበላሻል› ይል ነበር። ቸገረኝ ብሎ ለነዚያ ሰዎች ጻፈላቸው። መልሱ የመጣው ከቀበርነው በኋላ ነው።»

«ምን አሉ?»

«እህቱ ከላፕቶፑ መክፈቻ ቃል ጋር በወረቀት ገልብጣልኛለች። ‹እንዲህ አድርገው፤ ሠራ ወይ?› ይላል። ሁለቴ ጠይቀውታል።»

«መሞቱን አልነገራችኋቸውም?»

«መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ልጄ። ደግሞ ሳይሞክሩ ሠራ ማለት ውሸት ነው።»

ወጣቱ ላፕቶፑን ተቀበላቸው። ወረቀቱን እያየ ብዙ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። አሰላ ልንገባ ስንል ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረው።

«አንድ መስመር ነበር የጎደለው። ይኸው፣ ሠራ።»

አዛውንቱ ስክሪኑን አይተው ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት።

«ለእህቱ ደውልልኝ» አሉት። «በመጀመሪያ ሠርቷል ብላ ትጻፍላቸው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ትነግራቸዋለች።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል ስልኩ እስኪነሳ አብሬያቸው ጠበቅሁ።