ከኮርቻው ሥር

የእንስሳት ሐኪሟ ወደ ባልደራሱ ግቢ የገባችው ተጠርታ ሳይሆን ዝናብ አባሯት ነው። ጎረቤት አንዲት ላም ስታዋልድ አርፍዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ዶፍ ወረደባትና ፊት ለፊት ካገኘችው ጣሪያ ሥር ዘው አለች። ጣሪያው የባልደራሱ ጋጣ ነበር። ሽማግሌውም በዚያች ሰዓት እጃቸው እየከበዳቸው ዳማ ባዝራቸውን፣ ያችን ቀይ ቡናማ ሴት ፈረስ፣ ኮርቻ ይጭኑ ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ ፈረስ ሲገሩና ሰው ግልቢያ ሲያስተምሩ ስለኖሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ባልደራስ ነው የሚላቸው። ይህችን ዳማ እናቷ ሞታባት በጡጦ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው “አባዬ ከኔ ይልቅ እሷን ነው የምትወደው” እያለች ስታሾፍባቸው ኖራለች። ያችው ልጃቸው ዛሬ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ቤት ተቀምጣለች፤ ያሽቀነጠረቻት ደግሞ ዳማዋ ናት። ድንጋይ የሚያመላልሰው ባለጋሪ “እኔ አስተካክላታለሁ” ብሏል፤ ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ ከነኮርቻዋ ይወስዳታል። እንዴት እንደሚያስተካክላት ባልደራሱ ያውቃሉ። ስለሚያውቁም ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

“እንደምን ዋሉ አባባ? እስኪያባራ ብጠለል ይፈቅዱልኛል?”

“ግቢ ልጄ፣ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል! ብቻ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ይቺ ጉደኛ ትናከሳለች።”

ይህን ብለው የሆዷን ቀበቶ ሳብ ሲያደርጉ ዳማዋ ጆሮዋን ወደኋላ አጥፋ፣ ጅራቷን እያወናጨፈች እጅጌያቸውን ቀጨም አደረገች።

“አየሽልኝ? ይኸውልሽ! በጡጦ ላሳደግኋት ውለታዬ ይሄ ነው!”

“ምን ሆና ነው?”

“ምንም አልሆነችም። አመል ነው። ጥጋብ!”

“ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?”

“ስድስት ወር ቢሆናት ነው። ከዚያ በፊትማ በግ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ ያስቀምጡባት ነበር።”

“አይቆጡኝና አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት በግ ሆና የኖረች እንስሳ አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ ከዛሬ ጀምሮ ክፉ ልሁን ትላለች?”

አይቆጡኝ ማለቷ ምንም አልፈየደላትም፤ ተቆጡ። የተማረ ልጅ በገዛ ሙያቸው ሲጠይቃቸው ደስ የሚላቸው ስንት ሽማግሌዎች አሉ?

“ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ፈረስ ላይ ነበርኩ። ፈረስ ሲታመም ያነክሳል፣ ይደማል፣ መብል ይተዋል። እሷ ግን ገፈራውን ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። ስቦርሻት አትነካኝም፣ ውኃ ስወስዳት አትነካኝም። ሰይጣኗ የሚነሳው ኮርቻ ስታይ ብቻ ነው!”

“አሁን ያሉትን እርስዎ ራስዎ ሰሙት?”

“ምን አልኩ?”

“ኮርቻ ስታይ ብቻ አሉ። አመል ቢሆን ሰዓትና ዕቃ እየመረጠ ይመጣል?”

ባልደራሱ የቀበቶውን ዘለበት ለቀቅ አደረጉ። ቀጥለው ግን ግትርነታቸው መለስ አለላቸውና፣ “ሥራ ጠልታ ነዋ! ኮርቻ ማለት ሥራ ማለት እንደሆነ ታውቃለች” አሉ።

“ሊሆን ይችላል፤ አመለኛ ፈረስ የለም አላልኩም። ሰው የሚያታልል ሰነፍ ፈረስ እኔም አጋጥሞኛል። እኔ የምልዎ፣ አመል ነው የምንለው ሕመሙን ፈልገን ስናጣ ይሁን ነው። እርስዎ ፈልገው አጡ? ወይስ ሳይፈልጉ ፈረዱባት? እስቲ ያውርዱላትና በጣትዎ ጀርባዋን ይዳብሷት። እኔ አልነካትም፣ የራስዎን እጅ ይመኑ።”

ባልደራሱ “ለምን ይቅርብሽ” በሚል ፊት ኮርቻውን አወረዱ። ሁለት ጣታቸውን ጫን እያደረጉ ከአንገቷ ጀመሩ፤ ዳማዋ ምንም አላለች። ከትከሻዋ ኋላ ሲደርሱ ግን ጀርባዋ እንደ መስመጥ አለና ከደረቷ አንድ ማቃሰት ወጣ። በሌላው ጎን ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ከጣታቸው ሥር በግራም በቀኝም መዳፍ የሚያህል ነጭ ፀጉር በቅሏል።

“ይሄንንስ አይተውት ነበር?”

“ሽበት መስሎኝ” አሉ ባልደራሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“ሽበቱ ሁለት ቦታ ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው፣ አባባ?”

ባልደራሱ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ዶክተሯ ግን ከኮርቻው ጋር ወርዶ መሬት ላይ ወደተቆለለው ምንጣፍ አየች። “ይሄ ሁሉ ከኮርቻው ሥር ነበር?”

“አዎ! ማጉረምረም ስትጀምር አሳዘነችኝና ብርድ ልብስ አጥፌ ደረብኩላት። ሲብስባት ሌላ ጨመርኩ። በኋላ ልጄ ስፖንጅ ሰፋችላት። ምን ያላደረግንላት አለ?”

“ጫማ የጠበበው ሰው ሦስት ካልሲ ቢደርብበት ይሻለዋል?”

“እንዴት ይሻለዋል፣ ይብስበታል እን…” ባልደራሱ ቃሉን አልጨረሱትም። ኮርቻው የተሠራው ለዳማዋ እናት ነበር። እሷ ደግሞ ትከሻዋ የጠበበ ቀጭን ፈረስ ነበረች። ዳማዋ ባለፈው ዓመት ለምለም ሣር ላይ ከርማ ወፍራለች፣ ሰፍታለች። ኮርቻው ግን ያው ነው።

ዶክተሯ ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ ቀስ ብላ በዳማዋ ጀርባ ላይ አኖረችና፣ “ከፊት በኩል እጅዎን ከሥሩ ያስገቡ” አለች። አስገቡ። ጣታቸው በእንጨቱና በአጥንቷ መካከል ተቀረቀረ፤ “ወይኔ!” ብለው መዘዙት።

“ገና ማንም አልተቀመጠበትም እኮ” አለች ዶክተሯ።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ “ተሳስቻለሁ” እስኪል ድረስ የሚጠበቀው ጊዜ ረጅም ነው። ባልደራሱ ግን ቀይ የሆነ ጣታቸውን እያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ልጄንም የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ እሷንም ያሰቃየኋት እኔ ነኝ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ይሄ ዝናብ ባያመጣሽ ምን ይውጠኝ ነበር?” አሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ባለጋሪው ከነጋሪው ከች አለ።

“እንግዲህ ልውሰዳት፣ ባልደራስ።”

“ይቅርታህን ወንድሜ፣ የምትወሰድ ፈረስ የለችም። ታማብኛለች።”

“ለአመሏ ከሆነ አይጨነቁ! የኔውም ፈረስ ሲጠመድ ይራገጥ ነበር፤ በአለንጋ ነው ልክ ያስገባሁት። አሁንም ትንሽ አመል አለው፣ ጆሮውን ያጥፋል።”

ባልደራሱ ዶክተሯን አዩ፤ ዶክተሯ ሳቋን ለመደበቅ መሬት መሬት አየች። “የጋሪውን ማሰሪያ ስታጠብቅለት ብቻ ነው?” ሲሉ ጠየቁት።

“እንዴት አወቁ?”

“ና ግባ። ማሰሪያውን ፍታለትና እጅህን ከሥሩ ስደድ። ዶክተር፣ አንድ ደቂቃ ታገሺናል?”

ዳማዋ ሦስት ወር ያለ ጭነት አረፈች። ኮርቻ ሰሪው የጀርባዋን ቅርፅ በካርቶን ለክቶ ሰፋ ያለ ኮርቻ ሠራላት። የልጅቷ ክንድ ድኖ እንደገና ስትቀመጥባት ዳማዋ ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በባልደራሱ ግቢ አንድም ተማሪ ጀርባ ሳይዳብስ ኮርቻ አያነሳም። ፈረስ ሲያስቸግር “ከመቼ ጀምሮ? ምን ሲደረግ?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥርሱ፣ ሰኮናው፣ ጀርባው ይታያል። ሕመም ተፈልጎ ከታጣ በኋላ ነው ስለ አመል የሚወራው፤ ያን ጊዜም በትዕግሥት ይታረማል። በዚህ የተነሳ የሚወድቅ ሰው ቀነሰ፣ ፈረሶቹም ዕድሜያቸው በሥራ ላይ ረዘመ፣ በግቢው የነበረው አለንጋም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ልጃቸው ከግልቢያ በተመለሰችበት በዚያ የመጀመሪያ ቀን ባልደራሱ ኮርቻውን ራሳቸው አወረዱ። ግንባራቸውን ከዳማዋ አንገት ላይ አሳርፈው፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳይሉ፣ “ዝም ብትይ ኖሮ ጎበዝ እያልኩሽ ጀርባሽን እሰብረው ነበር” አሏት። “እንኳንም ነከሽኝ፣ የኔ ልጅ። እንኳንም እምቢ አልሽኝ።”