ማንኛውም እንጨት

ያን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ጎረቤቴ አናጢው መላጊያቸውን ታቅፈው ጓሮው በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። መላጊያው ለወረቀቱ እንደታሰበ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«መምህር፣ እስቲ ያንብቡልኝ። ዓይኔን አላመንኩትም።»

አነበብኩላቸው፦ «ማንኛውም እንጨት ዛሬ ከጓሮ ይነሳ። የግቢው ኮሚቴ።» ጓሮው ውስጥ ያለው የሥራ ጠረጴዛቸው ነው፤ እሱ ከተነሳ እንጀራቸው ተነሳ ማለት ነው።

አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ ደብተሯን ይዛ ብቅ አለች።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ?»

«እንዴት ብዬ! በዚህ ግቢ ‹ማንኛውም› የሚል ሰው ማነው? እኛ ‹ሁሉም› ነው የምንለው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ኮሚቴው ለምኖኝ። ቁርጥራጩና ሰጋቱራው ማብሰያ ቤቱ ጥግ ተከምሮ እሳት እንዳይነሳ ብዬ እንጂ ጠረጴዛዎን አላሰብኩትም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ታዲያ ሕጉ የቱ ነው? ያሰብሽው ወይስ የጻፍሽው?»

«ሊቃውንቱም በዚሁ ነው የተጣሉት። አንዳንዶቹ፣ ሥልጣን ያለው አካል በደንቡ ካወጣው ክፉም ቢሆን ሕግ ነው፣ ክፋቱን ለብቻው ንቀፉት ይላሉ። ሌሎቹ፣ ፍትሕ የሌለው ትእዛዝ ሕግ መባል አይገባውም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወረቀቱን ተዉት፣ ዳኛው የሚፈርደውን እዩ ይላሉ።»

«ተማክረው መጥተውብኛላ! አንዱ ጠረጴዛዬን ይወስዳል፣ አንዱ ያዝንልኛል፣ አንዱ የዳኛውን ፊት እይ ይለኛል። መምህር፣ እርስዎስ ከየትኞቹ ነዎት?»

ጥርጣሬያቸው ለእኔም ተረፈ። አልፈርድባቸውም፤ የተማረ ሰው ቃል ሲያሰፋ እኔም እፈራለሁ።

በዚህ መሃል የግቢው ዘበኛ ማስታወቂያውን ሊያስፈጽም ጓሮ ገብቶ የጠረጴዛውን እግር ጨበጠ። አናጢው መላጊያውን ወደ ላይ አንስተው ጮኹ፦

«በሕግ አምላክ!»

ዘበኛው እጁን ሰበሰበ።

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ በየትኛው ሕግ ነው ያስቆሙት? ወረቀቱ እኮ የሱ ወገን ነው» አለቻቸው።

አናጢው መላጊያውን ዝቅ አደረጉ። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ሲባል ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው ፍትሕን ጠርተዋል። ግን ወረቀቱን ልገው ቢጥሉት፣ ነገ ጉልበተኛ ሲመጣ በምን ያስቆሙታል? ከሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ስህተቴን እኔው እናገራለሁ፤ እርስዎም ይናገሩ።»

«ባይሰሙኝስ?»

«ምክንያታቸውን ጽፈው ይስጡን እንላለን። ምክንያት ያጣ ሰው መጻፍ አይወድም።»

ከሰዓት ሁለቱም ሄዱ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስኩ። አናጢው ገና ሳይቀመጡ፣ «የተቀመጣችሁበት አግዳሚ እንጨት አይደለም? ዛሬውኑ ይነሳ!» ቢሉ ኮሚቴው ሳቀ። ልጅቷ ጥፋቷን አመነች፤ ማስታወቂያው ላይ «ከሥራ ጠረጴዛ በቀር» የሚል ተጨመረ። ሁሉም ሊነሳ ሲል አናጢው አስቆሙ።

«አላለቀም። ‹ሰጋቱራው በየቀኑ ይጠረግ› በሉበት። ስለ እሳቱስ ልጄ እውነቷን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ሳይጠይቅ ዕቃ አያነሳም፣ በማብሰያ ቤቱም ጥግ ቁርጥራጭ አይከመርም። ሕግ ምክንያቱ ሲነገርና ባለጉዳዩ ሲሰማ ደካማውን ይጠብቃል፤ ባለጉዳዩም ሕጉን ይጠብቃል።

በስብሰባው ማግስት አናጢውን ማስታወቂያው ፊት ደግሞ ቆመው አገኘኋቸው፤ በመላጊያው ፈንታ መጥረጊያ ይዘዋል።

«ዛሬም ይጠረጥራሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ዛሬ የምጠረጥረው ግን ራሴን ነው። ትናንት ጥግ ጥጉን አልጠረግሁም።»