የአቶ ልሳነወርቅ ካፖርት

ላልሰማ እንዲሰማ፣ ለሰማም እንዲጸናለት፦ አቶ ልሳነወርቅ በጥር ወር በዕለተ እሑድ፣ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በተደረገ የክርስትና ግብዣ ላይ ካፖርታቸውን አላወለቁም።

ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ ከበር ሲገባ ካፖርቱን እያወለቀ ለባለቤቲቱ ለንግስት ይሰጣል፤ ንግስትም እየተቀበለች መኝታ ቤት አልጋው ላይ ትከምራለች። በዚያ አገር የሐበሻ ግብዣ ትልቅነት የሚለካው አልጋው ላይ በተከመረው ካፖርት ቁመት ነው። ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፤ ክርስትና የተነሣው ሕፃን እንኳ በካናቴራ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ግን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። ንግስት ሁለቴ እጇን ዘረጋች። ሁለቴም «ተይኝ ልጄ፣ በርዶኛል» አሏት፤ ይህን ሲሉ ላብ ካፍንጫቸው ጫፍ ጠብ አለ።

እንግዳው ተከፋፈለ። አንዱ ወገን ወባ ተነሥቶባቸው ነው አለ። ሌላው ወገን ሸሚዛቸው ተቀዶ ይሆናል አለ። አንዲት ሴት ደግሞ ልጅ የሞተበት ሰው ብርዱ ከውስጥ ነው ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት ቁርጥ ስለቀረበ የሰማት የለም።

ሚስታቸው ዓባይነሽ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ እሷ ታውቃለች። ከካፖርቱ ሥር፣ በግራ ብብታቸው በኩል፣ ሽጉጥ አለ።

ልጃቸው ናቲ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ቤንዚን ማደያ የማታ ሥራ ሲሠራ፣ ሊዘርፍ የገባ ሰው በጥይት መትቶ ገደለው። አንድ ለናቱ ነበር። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ፣ ወንጀል የሌለበትና አጭር ኮርስ የወሰደ ሰው ፍርድ ቤት ቢያመለክት ሽጉጥ በልብሱ ሥር ይዞ የመሄድ ፈቃድ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ አርባው እንዳለፈ አመለከቱ፤ ተፈቀደላቸው፤ ፈቃዱንም በፕላስቲክ አስለብጠው ከመንጃ ፈቃዳቸው ጎን አኖሩት። ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው። ቤት ይዘውት የገቡ ዕለት ዓባይነሽን አስቀምጠው እንዴት እንደሚጎርስ፣ እንዴት እንደሚራገፍ አሳዩአት። «ድንገት ሌባ ቢመጣ» አሏት። እሷም ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሌባ የሚወስደው ምን ቀርቷል? ዋናውን ወስዶታል።

ከዚያ ወዲህ አቶ ልሳነወርቅ እህል እየዘጋቸው ሄደ። የሚጎርሰው ሽጉጡ ብቻ ሆነ።

በናቲ ሙት ዓመት ማግሥት እንዲህ ሆነ። አቶ ልሳነወርቅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የቤቱን ቁልፎች እያነሡ ይህ የምን፣ ያ የምን እንደሆነ ነገሯት። ከዚያም «እስቲ ግሪንቤልት እህትሽ ዘንድ ሄደሽ እደሪ፤ ሰው እይ» አሏት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እደሪ ብለዋት አያውቁም። ዓባይነሽ እምቢ ብትል «ለምን?» ሊሏት ነው፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ በአፏ ልታወጣው አልቻለችም፤ ስሙን ከጠራሁት ይመጣል ብላ ፈራች። ስለዚህ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ፣ እሳቸው ባስተማሯት መሠረት ሽጉጡን አራገፈች፤ ጥይቶቹን የአብሽ ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረች፤ ከዚያም ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

እህቷ ቤት ዓይኗ ሳይከደን ነጋ። በጠዋት ስትመለስ ቤቱ ተጠርጓል፤ ሻይ ተፈልቷል። አቶ ልሳነወርቅ ሻይ ሲያፈሉ ያየ ሰው በሁለት አህጉር አይገኝም። «ተመስገን፣ ቀለል ብሎታል» አለች በልቧ። ጥይቶቹን ግን አልመለሰቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ሽጉጡ ባዶውን ከብብታቸው አልተለየም፤ እሷም ባዶ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ኖረች። ነገር ግን ጥይት እንደ ማስቲካ በየሱቁ በሚሸጥበት አገር፣ አንድ ቀን ከፍተው ቢያዩ ሌላ ለመግዛት የሚያግዳቸው የለም። ሽጉጡ ራሱ ከቤት መውጣት አለበት።

ይህን ለማን ትንገር? የሐዘን ገመና አይነገርም። የሕግ ነገር ግን ይነገራል። ስለዚህ ለእህቷ ልጅ ለአሸናፊ ደወለች። አሸናፊ ቀን ክሪስታል ሲቲ ቢሮ እየሠራ ማታ ማታ ሕግ የሚማር ልጅ ነው። ጋሼህ ሽጉጥ ይዘው ሜሪላንድ እየተሻገሩ ነው፣ ፖሊስ ይይዝብኛል፣ የንግስት ልጅ ክርስትና ላይ በድንገት ተገናኛቸውና ምከርልኝ አለችው። የነገረችው ሐሰት አልነበረበትም፤ ጎድሎበት ነው እንጂ።

አሸናፊም በቀጠሮው መሠረት በድንገት ተገናኛቸው። ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው፣ ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው እያለ ስለደጋገመው ዓባይነሽ በክርኗ ልትጎሽመው ደርሳ ነበር። ግብዣው ሲያበቃ፣ ወደ ቤታችሁ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ራይድ ልስጣችሁ አለ። አቶ ልሳነወርቅ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ።

አሸናፊ አውራ ጎዳናው ላይ እስኪወጣ ስለ አየሩ አወራ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ፐርሚትዎ የቨርጂኒያ ነው አይደል?»

«የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ነው የሰጠኝ። በማኅተም።»

«አሁን ያለነው ግን ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ ሪኮግናይዝ አታደርገውም። እዚህ ያ ፈቃድ ከአውቶቡስ ትኬት አይሻልም። ቢይዙዎት ይታሰራሉ።»

አቶ ልሳነወርቅ ካፖርታቸውን በመዳፋቸው ደበስ አደረጉ። «እንግዲያው ወደ ቨርጂኒያ እስከሚያሻግረን ድልድይ ድረስ ወንጀለኛ ነኝ።»

«ድልድዩ ላይም ነዎት። መሐሉ ላይ ጭላጭ የምታህል የዲሲ ግዛት አለች። ዲሲ ደግሞ ጭራሹን አትፈቅድም።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ጨዋ ሰው ነዎት።»

«ይገርማል» አሉ። «እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ካፖርቱም ያው ካፖርት ነው። ውኃ በተሻገርኩ ቁጥር ጠባዬ ይለወጣል በለኛ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞር አሉ። «ለመሆኑ አንተ ሕግ አዋቂ፣ ኮርሱ ላይ ኮንሲልድ፣ ኮንሲልድ ሲሉን ዋሉ። በአማርኛ ምን ማለት ነው?»

«የተደበቀ፣ የተሸጎጠ ማለት ነው ጋሼ።»

«አየህ። እኛ ይህን ዕቃ ማን ብለን ነው የምንጠራው? ሽጉጥ። የሚሸጎጥ። እነሱ ኮርስ የሚሰጡበትን ነገር እኛ ስም ስናወጣለት ጨርሰነዋል። የሚታይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይወጣለት ነበር።»

አሸናፊ ሳቀ። የተማረ ሰው ሲረታ መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን፣ ሕግ ትምህርት ቤት ያላስተማረው ነገር ከአፉ ወጣ።

«ስሙስ ልክ ነው ጋሼ። ግን የተሸጎጠ ነገር ባለቤቱንም ይሸጉጠዋል። ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አቅፎ ሊስምዎት አልቻለም። ብረቱ እንዳይነካ ሁሉንም በክንድዎ ነው ሲመልሱ የነበረው። እኔንም ጭምር።»

አቶ ልሳነወርቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ዓባይነሽ ከኋላ ማጅራታቸውን ታያለች፤ ላቡ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ድልድዩን ሲጨርሱ አሸናፊ «እንኳን ደህና ገቡ፣ አሁን ሕጋዊ ነዎት» ብሎ ሊያጫውታቸው ሞከረ። የሳቀለት አልነበረም።

ቤት ገብተው ተቀመጡ። ዓባይነሽ ሰው ፊት ባሏን «እርስዎ» ነው የምትለው፤ እናቷ ያሳደገቻት እንዲያ ነው። «ካፖርትዎን ልቀበልዎት?» አለች። አይ፣ ይቆይ አሉ፤ የገዛ ቤታቸው ውስጥ ማለት ነው። ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። አቶ ልሳነወርቅ የወንድ ልጅ ወጉ ነው አሉ፤ ዳኛ ያመነበትን አንተ ማነህ አሉ፤ በዚህ አገር ክፉው ታጥቆ ደጉ ባዶ እጁን ለምን ይሄዳል አሉ። አሸናፊም ለያንዳንዱ በትሕትና መልስ ሰጠ። በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ናቲ ይህ በእጁ ቢኖር ኖሮ» አሉ።

በዚያ ቤት ያ ስም ከተጠራ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ዓባይነሽ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለ አሸናፊ፣ አሁን የጠበቃ ድምፁን ትቶ። «ናቲ የተመታው ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራ ከመደርደሪያ ሲያወርድ ነው። ሽጉጥ በጀርባ ላይ ዓይን አያበቅልም። ቢኖረውም ያው ነበር።»

አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺም እምቢም አልነበረም።

«ሽጉጥ የያዘ ሁሉ ጥፋተኛ ነው አልልም» ሲል ቀጠለ ልጁ። «መብት ነው። እኔ የማውቀው አሜሪካዊ ጎረቤት አለ፤ አዳኝ ነው። መሣሪያውን ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጣል። ባለፈው ሚስቱ ስትሞትበት ምን አደረገ መሰልዎት? ሁሉንም ሰብስቦ ለወንድሙ ሰጠው። ለምን ብለው፣ ሐዘን ያለበት ቤት መሣሪያ አይኖርም አለኝ። እኛስ አገር ቢሆን ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም የሚባለው ለምንድን ነው?»

አሸናፊ ይህን ያለው ነገር ለማሳመር ነበር። ምን እንደነካ አላወቀም። ዓባይነሽ ምንጣፉን አየች። አቶ ልሳነወርቅ ዓባይነሽን አዩ። አንድ መኪና በመንገዱ አለፈ።

«ረታኸኝ» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «በሕጉ ማለቴ ነው።»

ከላይ ሁለት ቁልፍ ፈትተው፣ እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደው፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሸናፊ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ የዚህን ውሳኔ ጥቅም ይዘረዝር ጀመር። ነገውኑ አብረው ሄደው ለገዙበት ሱቅ ይመልሱታል፤ አለዚያም እሱ ብረት ሣጥን ገዝቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን እሱው ዘንድ ያኖራል። ከእንግዲህ ሜሪላንድ ሲሻገሩ ልባቸው አይመታም። ግብዣ ላይ እንደ ሰው ካፖርታቸውን ያወልቃሉ። ወዳጅ ሲያገኙ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። እትዬም እንቅልፍ ያገኛሉ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ለፈተና ቢሆን ያልፍበታል። ከዚያ ግን ዓይኑ ሽጉጡ ላይ አረፈና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«ጎርሷል እንዴ?»

«አልጎረሰም» አሉ ባልና ሚስት፣ ባንድ አፍ።

አሸናፊ አንዴ ወደ አክስቱ አንዴ ወደ አጎቱ አየ። ዓባይነሽ ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች፤ የአብሽ ቆርቆሮውን ይዛ ተመለሰች፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ጥይቶቹ ቢጫ ዱቄት ለብሰው ተንከባለሉ።

«በክብደቱ ነው ያወቅኸው» አለች። ሰው ፊት «አንተ» ስትላቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «ወታደር ነበርክ። በክብደቱ ነው።»

«በክብደቱ አይደለም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ግሪንቤልት ያደርሽ ዕለት።»

የተጠረገው ቤት ትዝ አላት። ሻዩ ትዝ አላት፤ ስኳሩ በዝቶ ነበር፤ ጨርሳ ጠጥታው ነበር።

«ታዲያ ባዶውን ለምን ይዘኸው ትዞራለህ?»

አቶ ልሳነወርቅ የተገለበጠውን ቆርቆሮ ቀና አደረጉት። «ማን እንዳራገፈው ስለማውቅ» አሉ። «ኑር ያልሽኝ ያኔ ነው።»

አሸናፊ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልተማረም። ስለ ሣጥኑ ተናግሯል፣ ስለ ድልድዩ ተናግሯል፣ ስለ ፈቃዱ ጠይቋል። ሰውየውን እንዴት ሰነበቱ ብሎ፣ መልሱን እስኪሰማ ቆሞ የጠየቀ በዚያች ቀን ማንም አልነበረም፤ እሱም ራሱ።

ዓባይነሽ ባሏ ፊት ቆመችና የቀሩትን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ፈታች። እሳቸውም እንደ ልጅ እጃቸውን አንድ በአንድ ሰጧት። ካፖርቱን ለአሸናፊ አቀበለችው፤ አሸናፊም የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ታቅፎት ቆመ። አሁንም ይሞቃል።

ሸሚዛቸው አልተቀደደም ነበር። በላብ ርሶ ነበር እንጂ።