«አትሂጂ» የሚለው ምርጫ

(አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፤ አብሮ አደጎቹ ትርሲት እና ባሮክ፣ እሷ ታሪኩን እሱ ፕሮግራሙን እየጻፉ ስድስት ዓመት የሠሩትን ጌም ለውድድር ለመላክ ሁለት ሰዓት ቀርቷቸዋል።)

ትርሲት፦ ማን ንካ አለህ? ጌሙ መጨረሻ ላይ ወለላ ወንዙን ተሻግራ ትሄዳለች፤ አለቀ! ይሄ «አትሂጂ» የሚል ምርጫ ከየት መጣ?

ባሮክ፦ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጓደኛው ጥላው ስትሄድ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ ይይ እንዴ?

ትርሲት፦ አዎ፣ ይይ! የጃፓኖቹን ጌም ስንጫወት እንደዚያ አይደል ያለቀስነው? ታሪክ ባለቤት አለው።

ባሮክ፦ ያ ድሮ ነው። ፈረንጆቹ በጌማቸው በሩን ወለል አድርገው «ወደፈለግክበት ሂድ፣ ያሻህን አድን» ሲሉ ዓለም ግልብጥ ብሎ ወደነሱ ሄደ።

ትርሲት፦ መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ወለሉን ፈጀኸው። ጃፓኖቹም ያንን አይተው ልባቸው ሸፈተ። አንድ ሰሞን ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸት ጌም ሠሩ፤ ሜዳው ሰፊ፣ ውስጡ ባዶ። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

ባሮክ፦ የማን ወርቅ? መጀመሪያስ ከማን ወሰዱ? አሜሪካኖቹ ለኮምፒውተር የሠሩትን ቁጥር በቁጥር የሆነ ጌም አይደል አቅልለው በቴሌቪዥን እንዲጫወቱት ያደረጉት?

ትርሲት፦ ወሰዱ፤ ግን ነፍስ ዘሩበት። ስም ሰጡት፣ እንባ ሰጡት፣ ዘፈን ሰጡት። አሁን ደግሞ ፈረንጆቹ ዞረው ተራ ጠብቆ መዋጋትን ከነሱ እየተማሩ ነው።

ባሮክ፦ አየሽ? ተበዳድረው ነው የኖሩት። እኛስ ብንበደር?

ትርሲት፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! መብራቱ ሳይሄድብን ምርጫውን አውጣውና ጌሙን እንላከው።

ባሮክ፦ አላወጣም።

ትርሲት፦ ባሮክ!

ባሮክ፦ አላወጣም አልኩሽ። ከፈለግሽ ራስሽ አጥፊው።

ትርሲት፦ ለአንዲት ወለላ ነው ይሄ ሁሉ?

ባሮክ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሐሙሱን የናይሮቢ ቲኬት ፕሪንተሩ ላይ ትተሽው ሄደሻል።

ትርሲት፦ አየኸው?

ባሮክ፦ ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ትርሲት፦ እና አፍህን ለጉመህ ወለላን አማላጅ ላክህብኝ?

ባሮክ፦ እኔ መቼ መናገር አውቃለሁ? ልጆች ሆነን የምንሄድበትን ጌም ቤት ረሳሽው? ቅዳሜ ቅዳሜ። ሲዲው በጃፓንኛ፣ የደረስንበትን የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ የለ፤ በመጣን ቁጥር እንደ አዲስ ከመጀመሪያው። አንቺ ነበርሽ የምታነቢልኝ።

ትርሲት፦ ምኑን አንብቤልህ! አንድ ፊደል ሳላውቅ ዝም ብዬ እየፈጠርኩ ነበር የምነግርህ።

ባሮክ፦ ሁሌ ሰዓታችን የሚያልቀው ያቺ የጌሙ ልጅ መርከቡ ላይ ስትወጣ ነበር። ምን አለች ስልሽ፣ «እመለሳለሁ፣ ጠብቀኝ» አለች አልሽኝ። ካደግኩ በኋላ ፈልጌ አስተረጎምኩት።

ትርሲት፦ ምን ብላ ኖሯል?

ባሮክ፦ «አትጠብቀኝ።» እኔ ግን ያንቺን ነው ያመንኩት። እስከ ዛሬም።

ትርሲት፦ ወይ አንተ ልጅ! እስቲ ክፈተው። ተጫዋቹ «አትሂጂ» ሲላት ወለላ ምን ትመልሳለች?

ባሮክ፦ ምንም። ባዶ ነው። እኔ በሩን መክፈት ነው የምችለው፤ ቃሉ ያንቺ ነው።

ትርሲት፦ «ሂጂ» እና «አትሂጂ»። በቃ?

ባሮክ፦ ሌላ ምን አለ?

ትርሲት፦ እኔ ቲኬት ፕሪንተር ላይ የምረሳ ሰው ነኝ? እንድታየው ብዬ ነው የተውኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአንተን አፍ ስጠብቅ ከረምኩ። ናይሮቢ የቀጠሩኝ ሰዎች እኮ ፕሮግራመርም ይፈልጋሉ።

ባሮክ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ትርሲት፦ ለምን አልጠየቅከኝም? ስለ ነፃ ምርጫ ሲሰብክ የዋለ ሰው ሦስተኛው ምርጫ ጠፋው! በል ቁጭ በል። እኔ መልሷን እጽፋለሁ፣ አንተ ጥያቄውን ጨምር፦ «አብሬሽ ልሂድ?»