ኩሬው ዳር ያለው ዳስ

ከጎንደር ወደ መተማ በምትወርደው የጭነት ማኪና ላይ፣ በእኔና በአንዲት የትክል ድንጋይ ከተማ ሴት መሀል የአንድ ትልቅ እርሻ አዛዥ ተቀምጧል።

«አያ፣ ልጄ እናንተ ዘንድ ሰሊጥ ያጭዳል። ወባ ጥሎታል ቢሉኝ ልወስደው መጣሁ።»

«አጨዳው ሳያልቅ ማን ይለቅልሻል?»

«ምነው፣ በሬ መሰላችሁ? ለመሆኑ የት ነው የሚያድረው?»

«ሸጋ ዳስ አለ፣ ኩሬው ዳር።»

«ከትንኝ መሀል! ጌታችሁስ?»

«የጌቶች ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ደግሞ ትንኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ጆሮ ላይ የምትጮኸው አትገድልም። የወባዋ ድምፅ የላትም፤ ኩሬ ትወዳለች።»

«ይህን እያወቃችሁ እዚያ ታሳድሩታላችሁ?»

«አውቀን ነው እንጂ! እዚያው ሠራተኞቹን ነክሳ ትጠግባለች፤ ጌቶች ቤት አትደርስም።»

«ልጄ የጌታህ አጎበር ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! እሱን ይዤው ስመለስ አንተ ዳሱ ውስጥ ትተኛለታለህ። አንተም ደም አለህ።»

እኔም ጉልበቴን ወደ ሰውየው ገፋ አድርጌ መቀመጫውን አጠበብኩበት።