ባለ አራት ሜትር ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን የሠሩት የወንድሜ ዜና ሕይወት

ወገኖቻችን፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የወንድሜ ባለቤት ይህን ጽሑፍ ብዕር የለመደ ሰው እንዲያዘጋጀው ፈልገው ነበር፤ ሟቹ ግን ከማረፋቸው ከአሥር ቀን በፊት እኔ እንድጽፈው አዘዋል። የአንድ ዓመት ታናሻቸው ነኝ። በሕይወት ሳሉ አንተ እላቸው ነበር፤ አንቱ ስላቸው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቢሰሙኝ ይስቁ ነበር።

ወንድሜ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ግንድ ጫኝ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እየተኮሱ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ በፋብሪካው አጥር ጥግ በነበረች ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እኔ በዓመቱ ተከተልኳቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጥንድ ጫማ ነበረን። ጫማው የተገዛው በእርሳቸው እግር ልክ ስለ ነበር እርሳቸው ሲያደርጉት ይሄዳል፤ እኔ ሳደርገው ከእግሬ ይቀድማል። ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንዲሁ ስለ ነበር ነው።

ወንድሜ አሥራ አራት ዓመት እንደ ሞላቸው አባታችን የተንከባለለ ግንድ ደርሶባቸው ሞቱ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለቤተሰቡ ሁለት ነገር ሰጠ፤ ለአንድ ልጅ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ቦታ፣ ለሌላው ደግሞ የአባቱን ሥራ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የቆረጡት እናታችን ናቸው። በማግስቱ ጠዋት የሰው ሸሚዝ እየተኮሱ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ነገሩኝ።

«እሱ እጅ አለው፤ አንተ ጉልበት አለህ።»

ወንድሜ ደብተር ይዘው ሄዱ፤ እኔ የአባቴን ጓንት አጠለቅሁ። በትምህርት ቤቱ አራት ዓመት ቆርቆሮ መቁረጥን፣ መቀጥቀጥንና መበየድን ተምረው በአንደኛነት ሲመረቁ፣ እናታችን የምስክር ወረቀቱን መስታወት አልብሰው ከአልጋው በላይ ሰቀሉት። እኔ በእነዚያው አራት ዓመታት ሁለት ጣት ለመጋዙ ሰጠሁ። ያ አይሰቀልም።

ከዚያም ወንድሜ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ ተቀጥረው፣ ከረዳትነት እስከ ክፍል ኃላፊነት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በቅንነት አገለገሉ። የተጨማደደ አውቶቡስ በእርሳቸው እጅ አልፎ ሲወጣ፣ ያጋጨው ሹፌር ራሱ የት ጋ እንደ ተመታ ማሳየት ያቅተው ነበር ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ አይቻለሁ። የአውቶቡስ ወንበር ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያው ጋራዥ ነው፤ ተጋብተውም አርባ አራት ዓመት ኖሩ፣ ሁለት ሴቶች ልጆችም አፈሩ፤ አንዷ ነርስ፣ አንዷ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። በትዳራቸው ቤት አንድም ቀን ድምፅ ከፍ ሲል አልሰማሁም፤ አንዳንዴ እሰማ እንደሆነ ብዬ ሳላስታውቅ የሄድኩበት ጊዜ ነበር። እኔም አግብቻለሁ፤ ይህ ግን የእርሳቸው ታሪክ ነው።

አርባ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ዛሬ ከእናንተ ብዙዎቹ አባል የሆናችሁበትን፣ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ በሪሞት የሚመሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያበርር ማኅበር ተቀላቀሉ። መጀመሪያ የሄዱት የአንድ ፀጉር አስተካካይ አውሮፕላን እግሩ ተሰብሮ ሊበይዱለት ነበር፤ ያን በይደው ሲመለሱ የራሳቸውን ለመሥራት ወስነው ነበር። እኔንም ይዘውኝ ይወጡ ጀመር። ሥራዬ አንድ ነበር። አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ሪሞቱ ሲነካ የክንፉና የጅራቱ ተንቀሳቃሽ ቅጠሎች በትክክል መታጠፋቸውን ጭራውን ይዞ የሚያይና የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ለገዛ አውሮፕላናቸው ጀርባቸውን የመስጠት ልማድ ነበራቸው። የሠሪ ዓይን እንደ እናት ዓይን ነው፣ የወለደውን ጉድለት አያይም ይሉ ነበር። ስለዚህ የሚያየው የእኔ ዓይን ነበር፤ ሃያ ዓመት አንድም ጊዜ አልሳትኩም።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ትልቁን ጀመሩ። በድሮ ጦርነት ይበርር የነበረ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ የእውነተኛውን ሲሶ የሚያህል፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ አራት ሜትር። በጓሮው ክፍል ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። የክንፉን የጎድን አጥንቶች ከስስ ኮምፔንሳቶ አንድ በአንድ ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ እንደ ዶቃ በረጅም እንጨት ላይ ደረደሯቸው፤ በላዩም ስስ ሳንቃ ለብጠው ባለቤታቸው የሰፉትን ጨርቅ አለበሱት። የእውነተኛው አውሮፕላን ቆርቆሮ በምስማር የተያያዘ ስለሆነ፣ የምስማሩን ራስ ለማስመሰል በመርፌ ጫፍ የኮላ ጠብታ እያኖሩ አሥራ አንድ ሺህ ነጥብ ጣሉበት። መትረየሶቹን ከቀጭን ቧንቧ ሠሩ። የሚቀመጥበትን አብራሪ እንኳ ከእንጨት ቀርጸው፣ በእጁ ጓንት ላይ ስፌት ሣሉለት።

እንጨቱን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ከሺህ ሳንቃ ውስጥ ቀጥ ያለውንና ቀላሉን በእጄ መዝኜ አወጣ ነበር። ሞተሩም ከፋብሪካችን ከተጣለ የግንድ መቁረጫ የወጣ ሲሆን፣ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ይህን አልደበቁም፤ ሰው በጠየቃቸው ቁጥር እንጨቱም ሞተሩም የወንድሜ ነው ይሉ ነበር። ጠያቂውም ለእኔ ራሱን ነቅንቆ ወደ አውሮፕላኑ ይመለሳል።

ገላው ተሠርቶ ሲያልቅ በበሩ አልወጣ ስላለ የመስኮቱን ክፈፍ ነቅለው ማውጣት ግድ ሆነ። ባለቤታቸው በዚያን ዕለት፣ ሁለት ልጆቹን በበር ያስወጣ ሰው አውሮፕላኑን በመስኮት ይድራል ብለው ሠፈሩን አሳቁት። እናታችን በዚያን ጊዜ ሰማንያ አልፈው ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በየእሑዱ ጣሪያቸውን የምጠግንላቸውና ሐኪም ዘንድ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። በሩን ስከፍት የሚጠይቁኝ ግን የት ደረሰ ብለው ነበር። ስለ ክንፉ ነው።

አሁን ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ነገር ላይ ደርሻለሁ።

የሚበርርበት ቀን ጠዋት የማኅበሩ አባላት ሁሉ ከነቤተሰባቸው ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ትልቅ አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራውን የሚያበርረው የሠራው ሰው ሳይሆን እጁ የተፈተነ ሰው ነውና፣ ሪሞቱን የያዙት ጭልፊት እያላችሁ የምትጠሯቸው ፀጉር አስተካካዩ ነበሩ። ወንድሜ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን የደከመ ራዲዮ በአዲስ ተክተው ነበር። አዲስ ራዲዮ አንዳንዱን ትእዛዝ ገልብጦ ስለሚቀበል እያንዳንዱ ቅጠል እንደገና መስተካከል አለበት። የጅራቱን አስተካክለዋል፤ የክንፉን ረሱት።

እናታችንን በመኪናዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ወንበር አድርጌ ከአውሮፕላኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ክንፉን ከጫፍ እስከ ሥሩ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «እጁን አየኸው?» አሉኝ። ሁለት ጣት የጎደለው እጄ በዚያች ሰዓት ጭራውን ይዞ ነበር።

ወንድሜ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጡ። ጭልፊት ፀሐይዋ ፊት ለፊታቸው ስለ ነበረች በእኔ ዓይን ተማመኑና፣ ሪሞቱን ወደ ቀኝ መለሱት። አውሮፕላን ወደ ቀኝ እንዲዘነብል የቀኝ ክንፉ ቅጠል ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። ወደ ታች ታጠፈ። አየሁት። ፀሐይ አልወጋኝም፣ አልተጠራጠርኩም፣ አልዘነጋሁም።

«ልክ ነው» አልኩ።

አውሮፕላኑ ሜዳውን ይዞ ሮጠ፤ ተነሣም። ያማረ ነበር፤ እንዲህ ማማሩም ያንን ያህል አናደደኝ። ዛፍ ያህል ከፍ ሲል ነፋስ የግራ ክንፉን ተጫነው፤ ጭልፊት ሊያቃኑት ወደ ቀኝ ሲያዙት ይብሱን ወደ ግራ ተገለበጠ፤ አብዝተው ሲያዙት አብዝቶ ሄደና በአፍንጫው መሬት ገባ። ሰው አልተጎዳም። ከሠራሁት ሁሉ የማመሰግንበት ይህ ብቻ ነው።

ወንድሜ ከስብርባሪው አጠገብ ተንበረከኩ። ራዲዮው ገና ይሠራ ስለ ነበር ሪሞቱን ተቀብለው ወደ ቀኝ መለሱት፤ በተሰበረው የቀኝ ክንፍ ላይ ቅጠሉ ወደ ታች ወረደ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ሃያ ዓመት እንዳልሳትኩ ያውቃሉ። ጭልፊት በቁጣ ወደ እኔ መጥተው፣ ምን እያየህ ነበር ብለው ሲጀምሩ ወንድሜ ተነሥተው በመካከላችን ቆሙ።

«እሱ በትክክል አይቷል። ካየ በኋላ ራዲዮውን የነካካሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አልነካኩም። ሁላችሁም ግን አመናችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ግራቀኝ ተባሉ። ጋሼ ዛሬ በየት በኩል ነው የምንዞረው እያላችሁ ስትቀልዱባቸው አብረዋችሁ ይስቁ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። ባለሙያ ሆነው ሠላሳ ስምንት ዓመት ያፈሩት ስም በአንድ ጠዋት መሳቂያ ሆነ። እናታችን ከሁለት ዓመት በኋላ እስኪሞቱ ድረስ፣ ምን ነክቶት ነው፣ እንዲህ ያለ ስሕተት የእሱ አይደለም እያሉ ያዝኑ ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ በየእሑዱ ጣሪያቸውን እጠግን ነበር። ወንድሜ በሳምንቱ ሞተሩን ከስብርባሪው ፈትተው፣ ጠርገው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እቤቴ ድረስ አምጥተው መለሱልኝ። ትልቅ አውሮፕላን ዳግመኛ አልሠሩም።

ባለፈው ዓመት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳቡት የብየዳ ጭስ በሳንባቸው ላይ ተነሣ። ዘጠኝ ወር ታመሙ፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። እኔም በየቀኑ እየሄድኩ ከአልጋው ግርጌ እቀመጥ ነበር፤ በየቀኑም ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሄጄ ስለ አየሩ ተናግሬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ፣ ባለቤታቸው መድኃኒት ሊያመጡ እንደ ወጡ፣ ዜና ሕይወቴን አንተ ጻፈው አሉኝ። እኔ ጽሕፈት አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሻላል አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ያሳምረዋል» አሉኝ።

ይቅር ማለታቸው ይሁን ዕዳ መጫናቸው እስካሁን አልለየሁም። የማውቀው ያን ጊዜ የተሰማኝን ነው፤ እፎይታ አልነበረም፤ ቅናት ነበር። በትምህርት በልጠውኝ፣ በእጅ በልጠውኝ፣ በእናታችን ዘንድ በልጠውኝ፣ አሁን ደግሞ ትንፋሽ አጥሯቸው እንኳ በልብ በለጡኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንኳ ቀድሜያቸው አላውቅም። ዛሬም ይህን ሁሉ ሰው ስመለከት፣ ለእኔ ሩቡ እንደማይመጣ አስቤያለሁ። ይህን ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ የሩቡም ሩብ።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት፣ በተለይም እዚህ ከፊቴ የቆማችሁት ጭልፊት፣ ጋሽ ግራቀኝ የሚለውን ስም ከወንድሜ ላይ አንሡልኝ። ሰው ሆነው አንድ ነገር ረሱ፤ የረሱትን እንዲያይላቸው አንድ ሰው አቆሙ፤ የቆመው ሰው አይቶ ዋሸ። ሥራቸው እንከን አልነበረበትም። ስሙ ባለቤት ካስፈለገው እኔ አለሁ።

ወንድሜ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ትናንት ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደ ያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በጋራዡ ያስተማሯቸውን ብዙ ባለሙያዎችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታትን፣ ለእናንተም ስለ ደከማችሁበት ዋጋውን አምላክ ይስጥልን።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ያሳርፍ። ያሳርፋልም። በዚህም እቀናባቸዋለሁ።